ስሙ ከዚህ፣ ድምፁ ከወዲያ

«ላይቭ» የሚለው ባዕድ ቃል በኢትዮጵያ የሙዚቃ አነጋገር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ትርጉም ተሸክሞ ይኖራል፤ በመጀመሪያው ትርጉሙ የባንዱ አባላት መሣሪያቸውን ይዘው መድረክ ላይ ወጥተው በዚያው ሰዓት የሚጫወቱት ጨዋታ ማለት ነው፣ በሁለተኛው ዘፋኙ ብቻ በራሱ ድምፅ ሲዘፍን ሙዚቃው ግን አስቀድሞ ከተቀዳ ቅጂ ይለቀቃል፣ በሦስተኛው ደግሞ ዘፈኑም ሙዚቃውም ከቅጂ እየወጡ ዘፋኙ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ይህ የመጨረሻው በሙያው ሰዎች ዘንድ «ፕሌይባክ» ቢባልም በማስታወቂያ ላይ «ላይቭ» ተብሎ ከመጻፍ አይመለስም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ያውም በጠቅላላው ሳይሆን፣ አንድ ሰው ለዓመታት በጆሮው ብቻ ሲያውቀው የኖረውን የሮክ ባንድ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ በሚያይበት ምሽት የሚደርስበትን፣ ከደስታ ጋር የተቀላቀለ ግራ መጋባት ይመለከታል። ግራ መጋባቱ በየአገሩ ያለ ቢሆንም ከቃላሚኖ ሲታይ የራሱ መልክ አለው።

ቃላሚኖ በመቀሌ የሚገኝ ሲሆን፣ ከከተማው ውጭ ላለ ሰው ስሙ በአብዛኛው የሚታወቀው የትግራይ ልማት ማኅበር ባቋቋመው የቃላሚኖ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማለትም ከየወረዳው በውጤታቸው የተመረጡ ተማሪዎች እዚያው እያደሩ በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ «የቃላሚኖ አድማጭ» እየተባለ የሚጠቀሰው ሰው ግን የትምህርት ቤቱ ተማሪም ሆነ ሌላ የታወቀ ግለሰብ አይደለም፤ ሊቃውንት «አማካይ ገበሬ» እያሉ ማንም አግኝቶት የማያውቀውን ሰው በመጽሐፍ ውስጥ በሬ እንደሚያስጠምዱት ሁሉ፣ ይህም በጆሮው ማዳመጫ ተሰክቶለት ለምሳሌነት የተዘጋጀ ሰው ነው። ዕድሜው ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ አምስት ይደርሳል፤ ጸጉሩን ለማሳደግ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ቤተሰቡ ፋሲካን ምክንያት አድርጎ አስቆርጦታል፤ ጊታር የለውም፣ ሆኖም በመጥረጊያ እንጨት ላይ ያለው የሊድ ጊታር ችሎታ፣ ማለትም ዜማውን የሚመራውን ጊታር የመጫወት ችሎታ፣ የሚናቅ አይደለም።

በኢትዮጵያ ባንድን መውደድ ዘፋኝን ከመውደድ የተለየና ለሌላ ሰው ለማስረዳት የሚያስቸግር ፍቅር ነው። ለዚህም ምክንያቱ ከታሪክ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች» ተብለው ከሚታወቁት፣ ጀምሮ ዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ የመንግሥት ነበር፤ ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች በመለዮ ለባሽ ሙዚቀኞች አገሩን ስላስጨፈሩ፣ ቀደም ያለው ትውልድ ትሮምቦን የያዘ ሰው ባየ ጊዜ ይጨፍር ወይስ ቀጥ ብሎ ይቁም ሳያመነታ አይቀርም። የሆቴሎቹ ዘመን ሲመጣ ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ እንዲሁም አይቤክስና ከእርሱ የወጣው ሮሃ ባንድ የዘመኑን ታላላቅ ድምፃውያን አጅበው ነበር፤ ይሁን እንጂ በካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ሙሉውን ቦታ ሲይዝ የባንዱ ስም ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፍ ስለነበር፣ «አጃቢ» የሚለው መጠሪያ ተጣብቆበት ቀረ። አጃቢ ደግሞ በሰርግም በሹመትም ከባለቤቱ ጀርባ የሚሄድ ነው። እንግዲህ ባንድን የሚወድ ሰው ሙሽሪትን ትቶ ሚዜዎቹን ለማየት ሰርግ እንደሄደ ሰው ይቆጠራል፤ ይህም በየቤቱ የሚከተለውን የመሰለ ንግግር ያስከትላል።

«ዘፋኙ ማን ነው?» ትላለች እናት።

«ባንድ ነው፣ አደይ።»

«ባንድ መሆኑንማ ሰማሁ፤ ዘፋኙን ነው የጠየቅሁት።»

«አራት ናቸው።»

«አራቱም የሚዘፍኑት አንዱን ዘፈን ነው?»

(«አደይ» በትግርኛ ልጅ እናቱን የሚጠራበት ቃል ነው።) ጥያቄው የዋህ ይምሰል እንጂ ከሙዚቃ ትችት አንጻር መሠረታዊ ነው፤ ልጁም መመለስ ያቅተዋል።

አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፣ ይዞ ብቅ ያለው ባንድ ጃኖ ነው። ጃኖ ማለት ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው፣ በጥንቱ ሥርዓት የክብር ምልክት የነበረ የጥጥ ልብስ ነው፤ ባንዱ ይህን ስም ለራሱ ሲያወጣ ያደረገው ነገር ቢኖር የአያትን ልብስ በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ መደረብ ነው። «ሮክ» የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት በከባድ የድራም ምት፣ በቤዝ ጊታርና ድምፁ ሆን ተብሎ በሻከረ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ጃኖ በዚህ ላይ የኢትዮጵያን ቅኝት፣ ማለትም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የሚለያየውን የድምፆች አሰላለፍ ጨመረበት። የባንዱን የመጀመሪያ አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው፣ ከዚያ ቀደም ከሄርቢ ሃንኮክና ሞተርሄድ ከተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጋር፣ ከኢትዮጵያውያንም ከእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ጋር የሠራው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ስሙ «ኤርታሌ» ተባለ።

የቃላሚኖ አድማጭ ቀና ብሎ የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው። ኤርታሌ በአፋር ምድር የሚገኝ፣ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» እንደ ማለት የሆነ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ በአፉ ላይ የሚንተከተከውን የቀለጠ ዓለት ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣው ቱሪስት ውኃውንና ፍራሹን በመኪና ጭኖ ይነሣ የነበረው በአብዛኛው ከመቀሌ ነው። ፈረንጁ ይሄድ፣ አቧራ ለብሶ ይመለስ፣ ሻወር ይወስድ ነበር፤ የመቀሌ ሰው ግን ተራራውን የሚያውቀው ከፖስት ካርድና ከሾፌሮች ወሬ ነው። ከኤርታሌ ወደ ሰሜን ደግሞ ዳሎል አለ፤ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመት አማካይ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ በመመዝገቡ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ የሞቀው ተብሎ የሚጠቀስ የጨው አገር ነው። ከዚያ አካባቢ የሚቆረጠው አሞሌ፣ ይኸውም በጥንቱ ጊዜ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው የጨው ጡብ፣ በግመል ተጭኖ በበራህሌ በኩል ሽቅብ ወደ መቀሌ ሲወጣ ኖሯል።

ጨው ብቻ ሳይሆን ስምም ከዚያ ወጥቷል፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህን ነው። ቺካጎ ውስጥ የተሰባሰቡ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ባንዳቸውን «ዳሎል» ብለው ሰይመው ነበር፤ ይህ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1988 ዚጊ ማርሊና ሜሎዲ ሜከርስ ያወጡትን፣ በኋላም የግራሚ ሽልማት ያገኘውን «ኮንሸስ ፓርቲ» የተባለ የሬጌ አልበም አጅቦ ተጫውቷል። የአልበሙ ፕሮዲውሰሮች ቶኪንግ ሄድስ ከተባለው የሮክ ባንድ የመጡት ክሪስ ፍራንዝና ቲና ዌይማውዝ ነበሩ፤ በአንዱ ዘፈን ላይ ደግሞ የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ በጊታር ገብቷል። ከዳሎል ባንድ ጋር የሠራው አዲስ ገሠሠ ከዓመታት በኋላ በጃኖ ባንድ ምሥረታ ውስጥ እጁ አለበት። ስለዚህ የቃላሚኖ አድማጭ ሮክን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አድርገው የሚነግሩትን ሰዎች ቢታዘባቸው አይፈረድበትም፤ በእርሱ ዓይን ሮክ ከጎረቤት ስም ተውሶ የጠፋ፣ ሲመለስም ስሙን እንጂ ተበዳሪነቱን የማያስታውስ ዘመድ ነው። አሞሌው በግመል ሲመጣ ይታያል፤ የስሙ ድምፅ ግን ቺካጎና ኒው ዮርክ ዞሮ፣ ዘግይቶ፣ ያውም በሚሞሪ ካርድ ነው የደረሰው።

ሚሞሪ ካርድ ለብቻው አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ከእርሱ በፊት የነበረው ካሴት የራሱ ተንኮል ነበረው፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ክሩ ይንቀራፈፍና ሴቷ ዘፋኝ ወንድ፣ ወንዱም ዘፋኝ የታመመ ሽማግሌ ይሆን ስለነበር፣ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጾታን ማስመለስ የቤት ልጆች ሥራ ነበር። በሚሞሪ ካርድ ዘመን ዘፈን የሚገዛ ሳይሆን «የሚጫን» ሆነ፤ ሰውየው ኮምፒውተር ወዳለበት ሱቅ ስልኩን ይዞ ይሄድና እንደ እህል በመጠን ያስጭናል። የሚጫነው ዘፈን ስሙ «ትራክ 07» ነው፣ አልፎ አልፎ መሐሉ ላይ የማይታወቅ ዲጄ የራሱን ስም ይጮኽበታል፣ በቅብብል ብዛትም አንዳንዱ ሳያልቅ ይቆረጣል። የቃላሚኖ አድማጭ ከሁሉ የሚወደው ዘፈን በ3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ላይ፣ ጊታሩ ሽቅብ እየወጣ ሳለ፣ እንደ ገደል ድንገት ያበቃል። አድማጩ ይህን ጉድለት እንደ ጉድለት አላየውም፤ ይልቁንም ባንዱ ከተለመደው አጨራረስ ለመራቅ የወሰደው ደፋር የጥበብ እርምጃ ነው ብሎ ለጓደኞቹ በተደጋጋሚ አስረድቷል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በተደረገው ጦርነት ምክንያት ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጡበት ወቅት ደግሞ አዲስ ዘፈን የሚመጣበት በር ስለተዘጋ፣ በእጅ ያለው ቅጂ ሁሉ ተቆረጠም አልተቆረጠም ሀብት ሆኖ፣ ስልኩን በፀሐይ ኃይል ያስሞላ ሰው ለጎረቤቱ ያካፍለው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ መቶ ጊዜ የተሰማ ቁራጭ፣ ቁራጭነቱ ይረሳል።

ከዚህ በኋላ ባንዱ አዲስ አበባ ይጫወታል የሚል ወሬ ይመጣል። ከመቀሌ አዲስ አበባ በየብስ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ለመሄድ የቲኬቱ ዋጋ ከኮንሰርቱ መግቢያ ጋር ሲደመር ፍቅርን የሚፈትን ስለሚሆን፣ አድማጩ በሌሊት ተነሥቶ አውቶቡስ ይይዛል። እናቱ «ለአራት ዘፋኝ ይህን ያህል መንገድ!» ብላ፣ ሆኖም ድርቆሽ ቋጥራ ትሸኘዋለች።

በማይጨው በኩል ያለው አሮጌው መንገድ ከግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ በፊት በቆረም ያልፋል፤ የሮክን ነገር ለሚከታተል ሰው በዚያ ማለፍ ቀላል አይደለም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ በማይክል ቡርክ ዘጋቢነት ከቆረም ያሰራጨው የረሃብ ዘገባ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ በቦብ ጌልዶፍ አስተባባሪነት የተሰባሰቡ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች የእርዳታ ዘፈን ቀዱ፤ ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ ለንደን በሚገኘው ዌምብሌይ ስታዲየምና በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ በአንድ ቀን «ላይቭ ኤይድ» ተካሄደ። በዌምብሌይ ብቻ 72 ሺህ ሰው ቆሞ ስቴተስ ኮ ሲከፍት፣ ክዊንም ሃያ ደቂቃ ገደማ ተጫውቶ ስታዲየሙን ሲያስጨበጭብ አይቷል፤ እስከ ዛሬም ስለ ሮክ የሚጽፉ ሰዎች ያችን ሃያ ደቂቃ እንደ ተአምር ያወሷታል። የዚያ ሁሉ ጊታር ምክንያት እነ ቆረምና መቀሌ ነበሩ፤ የእህሉ እርዳታ የዚያ ዘመን ጦርነትና መንገዱ በፈቀዱት መጠን ሲመጣ፣ ጊታሩ ግን በዚያው ቀረ። አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ይህን የሚያስብ አድማጭ፣ በስሙ ድግስ ተደግሶ እርሱ ግን ያልተጠራበት ሰው ሊሰማው የሚችለውን ነገር ቢያጉረመርም ያስኬዳል፤ ይሁንና የዚያን ዓመት ሰው የሚያስፈልገው እንጀራ እንጂ ሊድ ጊታር እንዳልነበረ ስለሚያውቅ ማጉረምረሙን ቶሎ ይተዋል። የእርዳታው ዘፈን መጠሪያ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ገና መድረሱን ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ክርስትና ከአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰፈነበት አገር ላይ የተጠየቀ ጥያቄ ከመሆኑ በላይ የሚገርመው ግን የመልሱ ነገር ነው፤ ለንደን የልደትን በዓል በምታከብርበት ቀን በትግራይ ታኅሣሥ 16 ነውና፣ ማንም የአገሬው ሰው ያን ቀን «ገና ደረሰ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ በሙሉ ልብ «ገና ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። ይህን ለመተርጎም የሚቃጣ ካለ ብዙ ወረቀት ያስፈልገዋል።

አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ያለው ጊዜ በመጠበቅ ያልፋል። በቲኬቱ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ተብሎ የተጻፈ ከሆነ በሩ በ12 ይከፈታል፣ ባንዱ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይወጣል፤ በመካከሉ ያለውን ሰዓት «ሳውንድ ቼክ» የሚባል ሥርዓት ይሞላዋል። ሳውንድ ቼክ ማለት ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ መሣሪያና ማይክሮፎን ድምፅ በሚክሰር፣ ይኸውም ድምፆችን በሚያመጣጥነው ባለ ብዙ ቁልፍ መሣሪያ፣ የሚስተካከልበት ሥራ ነው፤ በሠለጠነው አሠራር ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ያልቃል። ሕዝቡ ገብቶ ሲሠራ ግን አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ወጥቶ «ዋን፣ ቱ፣ ዋን፣ ቱ» ይላል፣ ከሁለት አያልፍም፣ ይመለሳል፣ እንደገና ወጥቶ ያንኑ ይላል። ከቃላሚኖ የመጣው አድማጭ ይህን ሰው ከባንዱ አባላት አንዱ መስሎት በመጀመሪያው «ዋን» ላይ በሙሉ ኃይሉ ስለሚጮኽ፣ ድምፁን ከምሽቱ አንድ አራተኛ በፊት ይጨርሳል።

ባንዱ ሲወጣ የመጀመሪያው መደናገጥ የዓይን ነው። በጆሮ ብቻ የታወቀ ሰው በአእምሮ ውስጥ ቁመት አለው፤ ወፍራም ድምፅ ያለው ሁልጊዜ ረጅም፣ ከበሮ መቺውም ሁልጊዜ ግዙፍ ነው። መድረኩ ላይ ግን ግዙፉ ከበሮ መቺ መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው መደናገጥ የፊዚክስ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ ብርሃን ግን በዚያ ርቀት ጊዜ የሚወስድበት አይመስልም፤ ርካሹን ቲኬት ቆርጦ ከመድረኩ መቶ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው፣ የከበሮው ዱላ ሲያርፍ ካየ በኋላ ምቱን የሚሰማው የሴኮንድ ሲሶ ገደማ ዘግይቶ ነው። የቃላሚኖ አድማጭ ይህን ሲያይ የሚጠረጥረው የድምፅን ፍጥነት ሳይሆን ፕሌይባክን ነው። ያን ያህል መንገድ የመጣ ሰው መጠርጠሩ ደግሞ መብቱ ነው።

ጥርጣሬው የሚጠፋው በጊታሩ ሻካራ ድምፅ ነው። ይህ ሻካራነት «ዲስቶርሽን» ይባላል፤ ማጉያው ሊሸከም ከሚችለው በላይ ሲጫንበት ድምፁ ጫፍ ጫፉ እየተቆረጠ ሲሻክር የሚፈጠር ነው፤ ሮከኞች ይህንኑ የሚያመጣ ልዩ መሣሪያ በእግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ ገንዘብ ከፍለው ያመርቱታል። በኢትዮጵያ ከተሞች ግን ሕዝቡ ዲስቶርሽንን ከሮክ በፊት ሲያውቀው ኖሯል፤ የሰርግና የስብሰባ ትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ ከጣሊያኑ ፋብሪካ ስም ተወስዶ «ሞንታርቦ» የሚባለው፣ ዕድሜ ሲጫነው ያንኑ ድምፅ በነፃ ሲያቀርብ ቆይቷልና። ነገሩን ወደ ኋላ ለሚወስደው ሰው ደግሞ በገና አለ። በበገና ላይ በእያንዳንዱ አውታርና በድጋፉ መካከል «እንዚራ» የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ የሚገባው፣ አውታሩ ጠርቶ እንዳይጮኽ፣ እንዲነዝርና እንዲያጉረመርም ነው። ስለዚህ ድምፅን ሆን ብሎ የማሻከር ጥበብ በዐቢይ ጾም ምሽት ጧፍ አብርቶ ሲደመጥ የኖረ ጥበብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሮኩ የጨመረው ኤሌክትሪኩን፣ ጸጉሩንና ቁጣውን ነው። አንዲት እናት ሁለቱን በአንድነት ብትሰማ የትኛውን «ጩኸት» እንደምትለው ግን አያከራክርም።

ከዚህ የሚቀጥለው የአካል ችግር ነው። በትግራይ ጓይላ፣ ማለትም የሕዝብ ጭፈራ፣ ሰው ከበሮውን ከበብ አድርጎ በእርጋታ እየተራመደ ይዞራል፤ ምቱ ሲፋጠን ደግሞ ፊት ለፊት ተያይቶ ትከሻውን ይሰብቃል። ጓይላ ውስጥ ተመልካች የሚባል ሰው የለም፤ የቆመ ሰው ተራውን የሚጠብቅ ወይም ጉልበቱን ያመመው ነው። በሮክ ኮንሰርት ግን ሺህ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ፊቱን አዙሮ፣ በአንድ ቦታ ተተክሎ፣ ከአንገቱ በላይ ብቻ ይጨፍራል። የትከሻ ሰው ለራስ ጭፈራ አልተሠራም፤ አድማጩ ሁለቱን ለማስታረቅ ሲሞክር ጎኑ ያለው ሰው ውኃ ያቀብለዋል። በሮክ ዓለም «ሰርክል ፒት» የሚባል፣ ወጣቶች ምቱ በከረረ ጊዜ በክብ እየተጋፉ የሚሮጡበት ነገር መኖሩን ቢነግሩት ግን ደስ ይለው ነበር፤ ከበሮው መሐል ስላልሆነ ብቻ መንገድ የጠፋው ጓይላ ነውና። ሽልማትም አለ። በሰርግና በጭፈራ ደስ ያሰኘን ሙዚቀኛ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፎ መሸለም ወግ ነው፤ የቃላሚኖ አድማጭም ለዚሁ ብሎ ያጠፈውን መቶ ብር ኪሱ ውስጥ ይዟል። ነገር ግን መድረኩ ሁለት ሜትር ከፍ ብሏል፣ በአጥር ታጥሯል፣ ጊታር ተጫዋቹም ራሱን በሚነቀንቅበት ፍጥነት ግንባሩ ላይ የሚጸና ብር አልታተመም።

ከዚያም «ትራክ 07» ይጀምራል፤ ከመጀመሪያው ምት አድማጩ አወቀው። ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዱን ምት ከባንዱ ቀድሞ በከንፈሩ ያወጣል፤ ጊታሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ሁለት እጁን አዘጋጅቶ፣ በ3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ላይ፣ ለባንዱ ደፋር አጨራረስ የሚገባውን ጭብጨባ ሰጠ። ብቻውን ነበር። ባንዱ አላቆመም። ጊታሩ አድማጩ ገደል ነው ብሎ በሚያምንበት ቦታ ላይ ቀጥሎ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቅኝት ታጠፈ፣ ሁለቱ ሴቶች ከዚህ ቀደም ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ይዘው ገቡ፣ ከበሮውም ዝቅ ብሎ እንደገና ተነሣ፤ ዘፈኑ ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ደቂቃ ኖረ። ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ግጥሙን በቃሉ እየተቀበለ ሲዘፍን፣ ከሁሉም በላይ ዘፈኑን አውቃለሁ የሚለው እርሱ ብቻ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በኖረበት ቤት ውስጥ አንድ የማያውቀው ክፍል በድንገት ሲከፈትለት ምን እንደሚሰማው የሚያጠና ሳይንስ ካለ፣ ያን ጊዜ የእርሱን ፊት ቢያይ ጥሩ ነበር።

የመጨረሻው ሥርዓት «ኢንኮር» የሚባለው ነው፤ ባንዱ ጨርሻለሁ ብሎ መድረኩን ይለቃል፣ ሕዝቡ «ይደገም!» እያለ ይጮኻል፣ ባንዱም ቀድሞ የተስማማበትን ሁለት ዘፈን ለመጫወት፣ ያልተዘጋጀ መስሎ፣ ይመለሳል። ይህን የፈረንጅ ፈጠራ የሚያደርጉ ሰዎች የኢትዮጵያን እንግዳ አላስተዋሉም፤ እርሱ «እንግዲህ ልነሣ» ብሎ ተነሥቶ፣ ተለምኖ ተቀምጦ፣ ደጃፍ ላይ ደግሞ የዋናውን ጨዋታ እጥፍ የሚያወራ ሰው ነው። የቃላሚኖ አድማጭ ልማዱን በቤት ውስጥ ቢያውቅም በመድረክ ላይ አልጠረጠረውም፤ ባንዱ ሲወጣ እርሱም ታክሲ ሳይጠፋ ብሎ ወጣ። በር ላይ ሲደርስ ከኋላው ሙዚቃው እንደገና ሲፈነዳ ሰማ፤ የጥበቃው ሠራተኛ ግን የወጣ ሰው አይመለስም የሚለውን መመሪያ ያውቃል። ሁለቱን የኢንኮር ዘፈኖች ከጥበቃው ጋር አጥር ተደግፎ አደመጣቸው፤ ከውጭ ሲሰሙ፣ በሚያሳፍር ሁኔታ፣ እንደ ሚሞሪ ካርዱ ቅጂ ሆነው ስለመጡለት በደንብ ገቡት።

ጆሮው ለአንድ ቀን ተኩል ጮኸ። ይህ ከመቶ ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ረቂቅ ጸጉር መሰል ሕዋሳት ሲያደክም የሚመጣ ጩኸት ነው፤ በአብዛኛው ያልፋል፣ ቢደጋገም ግን የማያልፍ ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ጆሮአቸውን ደፍነው ይጫወታሉ። አድማጩ ግን ጩኸቱን እንደ በረከት ቆጥሮ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ፣ ከወልድያ እስከ አላማጣ ማንም እንዳያወራው ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀው፤ ማይጨው ላይ አለቀበት።

ቃላሚኖ ሲደርስ እናቱ ቡና እያፈላች ነበር።

«ዘፋኙን አየኸው ወደይ?» አለችው፤ «ወደይ» ልጄ ማለት ነው።

«አራቱንም።»

«ታዲያ የትኛው ይሻላል?»

«ከበሮ መቺው።»

መልሱ እንዳልበራላት ስላየ ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ በእርሷ ጆሮ ሰካና «ትራክ 07»ን ከፈተላት። ሲኒውን ይዛ፣ ፊቷን ትንሽ ጨምደድ አድርጋ፣ ላለማስቀየም ስትል ራሷን እየወዘወዘች ሰማች። ዘፈኑ እንደ ልማዱ በ3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ላይ ተቆረጠ።

«አለቀ?»

«ገና ነው፣ አደይ» አለና መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ አነሣ።